የአጎቴ ጀሪካኖች

ደባርቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለስጦታ፤

ስሙ ምላስ በሚያስረው በዚያ ከተማ፣ በካሰል፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እዚህ የስሜን ንፋስ ጆሯችንን እየጎተተም ቢሆን ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ዳባት ደህና ናት። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ «ልጄ ጀርመን አገር ሰው ማሸት ትማራለች» ስትል ሰምቻት፣ «ማሸት ሳይሆን ፊዚዮቴራፒ ነው» ብዬ አረምኳት። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ቃሉን ሳልደናቀፍ ስላልኩት ግን አመነችኝ።

በስልክ ባወራሽ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ኔትወርኩ የቀልዴን ግማሽ ይበላዋል፤ ሳቅሽም የሚደርሰኝ ወደ ሰው ሞት ወሬ ካለፍኩ በኋላ ነው። ወረቀት ይሻላል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰሞኑን ጨነቅ ካምፕ የፈረንጅ ድንኳን በበቅሎዬ በዳማ ጀርባ ላይ ሳወጣ ግራ እጄ ከዳኝና ጭነቱ መሬት ወረደ። ነሐሴ ላይ ደጃፌ ጭቃ አንሸራቶኝ የተሰበረው የእጄ አንጓ ነው፤ ወጌሻ አስሮልኝ ድኗል፣ እሱ ቁም ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ ገዱ ነው። ታውቂዋለሽ፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረው በቅሎ ጫኝ። «አባባ አሻግሬ፣ በቅሎዋን እርስዎ ላይ እንጫናት እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ?

ይኸውልሽ፣ የጫኞች ማኅበራችን አዲስ ደንብ አውጥቷል። በመጪው መስከረም ምዝገባ ሲደረግ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ጫኝ ሁሉ ሃያ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሁለት ጆንያ ብቻውን በበቅሎው ላይ ጭኖ ያሳያል። ያቃተው ተራውን ለጎረምሳ ይለቃል። እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ነኝ፤ በመታወቂያዬ ሃምሳ ስድስት። በሁለቱም አልዳንኩም። ሠላሳ ዓመት ከበቅሎ ኋላ የሄደ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰው በቅሎ ሲያልፍ ይቁጠር?

ስለዚህ ክብደት ማንሳት ልጀምር ነው። በቴሌቪዥን ያየኋቸው ክብደት አንሺዎች ወገባቸውን የሚያስሩበት ሰፊ ቀበቶ አለ። እሱን ላኪልኝ። ጥቁሩን።

ከነተንኮሉ የሚወድሽ አጎትሽ፣ አሻግሬ

ካሰል፣ ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ እንደ ቀልድዎ ይብዛልዎ። አክስቴ እትዬ አመተ ማርያም እንዴት ናት? ዳማስ? ደብዳቤዎን ክፍል ውስጥ በድብቅ ሳነብ ሳቅ አምልጦኝ መምህሬ ገላምጣኛለች።

ቀበቶውን አልልክም። አይቆጡ። ቀበቶ ወገብ አይሠራም፤ ላልተሠራ ወገብ ደግሞ ድፍረት ብቻ ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ ለእርስዎ ከበቂ በላይ አለዎት።

እኔን ያሳሰበኝ «ቁም ነገር አይደለም» ብለው ያለፉት ነው። ከቆመበት ብቻ ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው (መታወቂያው የፈለገውን ይበል) አጥንቱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት፤ እባክዎን ይህን አይዝለሉ። ሐኪሙ ከፈቀደ ግን ሐሳብዎ ግሩም ነው። አጥንት እንደ ግድግዳ ድንጋይ አንዴ ተቀምጦ የሚቀር ነገር አይደለም፤ በየጊዜው እየፈረሰ እየተሠራ የሚኖር ነው። ጭነት ሲሰማው «ሥራ መጣ» ብሎ ይጠነክራል፤ ሥራ ፈት ሲሆን ይሳሳል። እኛ ጋ የሰማንያ ዓመት አሮጊቶች ብረት ያነሳሉ። አንዷ እንዲያውም እኔን ትሳደባለች፣ «ይህማ ለሕፃን ነው፣ ጨምሪልኝ» እያለች።

እርስዎ ግን በዚህ ይጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ እጅዎን ከበርጩማ እየተነሱ ይቀመጡ፤ ዐሥር ጊዜ፣ ዐረፍ ብለው ደግሞ ዐሥር። ከዚያ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በየእጅዎ ይያዙ። ሲያነሱ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ጀርባዎን ሳያጎብጡ፣ ዕቃውን ከሰውነትዎ አስጠግተው፤ ትንፋሽ ሳያምቁ። አንድ ቀን ሠርተው አንድ ቀን ይረፉ። የሚወጋ ሕመም ከተሰማዎት ያቁሙ።

ከማክበር ጋር፣ ስጦታ

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለዶክተር ስጦታ፤ (ገና መሆንሽን አውቃለሁ፣ ለምላሴ እያለማመድኩት ነው)

ሰላምታዬ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ተጠማዝዞም ቢሆን ይድረስሽ። ቀበቶውን በመከልከልሽ ለሦስት ቀን አኩርፌሻለሁ። በአራተኛው ቀን ማንም እንዳላወቀልኝ ገብቶኝ ተውኩት።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኤክስሬይ አንስቶ፣ «አጥንቱ ገጥሟል፤ ሳሳ ያለ ነው፤ ቀስ ብለው ቢጀምሩ ጥሩ ነው» አለኝ። ከንግግሩ ሁሉ «ቢጀምሩ» የምትለዋን ይዤ ወጣሁ።

የበርጩማውን ነገር በሁለት ቀን ጨረስኩት። መነሳትና መቀመጥ በማኅበር ስብሰባ ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ጀሪካኖቹንም ሞልቼ ጀመርኩ። ከብደውኛል ብዬ አልዋሽሽም፣ አልከበዱኝም ብዬም አልዋሽሽም። ግን ስጦታዬ፣ ክንዴ ጠነከረ! ትናንት የሸሚዜ እጅጌ ጠበበኝ፤ አክስትሽ «ታጥቦ ተሰብስቦ ነው» አለች፣ ቅናት ነው። አምስቱ ሊትር እንዲህ ካደረገኝ ሃያው ምን ሊያደርገኝ ነው? መስከረም ሩቅ ቢሆንም ገዱ ቅርብ ነው፤ በየጠላ ቤቱ «የአባባን ተራ ለወንድሜ አስይዣለሁ» እያለ ነው።

እንግዲህ ሃያ ሊትሩን ፈቅደሽልኛል ብዬ ልያዘው።

የሚወድሽ፣ ጡንቸኛው አጎትሽ

ካሰል፣ ጥር 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

አጎቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎት። አልፈቀድኩም! ይህን ቃል ደመቅ አድርጌ የጻፍኩት እትዬ አመተ ማርያም ከሩቅ እንድታየው ነው።

ጡንቻ በሳምንታት ይነቃል፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። እጅጌዎ ጠበበ ማለት አጥንትዎ ደረሰ ማለት አይደለም። ሰው የሚጎዳው በደከመበት ጊዜ ብቻ አይምሰልዎ፤ ብዙውን ጊዜ «አሁንስ በረታሁ» ባለበት ሳምንት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዳማን ከገዟት ጀምሮ ሙሉ ጭነት እስክትሸከም ድረስ እንዴት አድርገው አለማመዷት? ሳያሳጥሩ ይጻፉልኝ።

ስጦታ

ካሰል፣ የካቲት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ከጥር ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። እናቴን በስልክ ጠየቅኋት፣ «ደህና ነው፣ ቤት ውሏል» አለችኝ። እርስዎ ደህና ሆነው ቤት የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ስጦታ

ደባርቅ፣ መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጃችን ለስጦታ፤

ይህን የምጽፈው እኔ አመተ ማርያም ነኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «እጁ ሥራ ስለበዛበት ነው ብለሽ ጻፊ» ብሎኛል፤ ጻፍኩ።

ከዚህ ወዲያ የእሱ ቃል ነው፦

«ውድ ስጦታ፣ ፈጣሪ ዘመንሽን እንደ ደጋ ገብስ ያፍራው። እኔ በጣም ደህና ነኝ።» (ይህን ሲል ፊቱን አጨማደደ።) «ስለ በቅሎ የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የማያስተምረው እኔ ዘንድ አለ። በቅሎ ሦስት ዓመት ሳይሞላት አትጫንም። ስትደርስም መጀመሪያ ባዶዋን ትመሪያታለሽ። ከዚያ ኮርቻ ብቻ፤ ሁለት ሳምንት ኮርቻ ለብሳ ትውላለች። ቀጥሎ ጭድ የተሞላ ጆንያ፣ ግዙፍ ሆኖ ቀላል፣ መሸከምን እንድትማር። ከዚያ ሩብ ጭነት፣ ከወር በኋላ ግማሽ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። አንድ ቀን ከሠራች በማግስቱ ትሰማራለች። ማታ ማታ ጀርባዋን በመዳፍሽ ትዳብሻታለሽ፤ የሞቀ ቦታ ካገኘሽ ነገ ጭነት የለም። ዳማን ሙሉ ጭነት ለመጫን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። የቸኮለ ሰው ቆንጆ በቅሎ ገዝቶ ጀርባዋ የቆሰለ ገጣባ ይዞ ይቀራል።»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩና «አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ምን?»

«አንተ ስንት ቀን ኮርቻ ለበስህ?»

ግድግዳውን ማየት ጀመረ። እንግዲህ የቀረው የእኔ ነው፣ ልጄ።

አጎትሽ ከቃና ዘገሊላ ጀምሮ በወገቡ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረደም፤ አሁን ግድግዳ እየያዘ ይሄዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ጀሪካን ስትዪው፣ «ወንድ ልጅ ውኃ ይዞ ግቢ ውስጥ ሲመላለስ ቢታይ ደባርቅ ምን ይላል?» ብሎ አፍሮ፣ ጎረቤታችን የሺዋስ ለቤት መሥሪያ ካስከመረው አሸዋ እየሰረቀ ሞላቸው። አዎ፣ አሸዋ። ሰው ቢጠይቀው «ለግንባታ ነው» እንዲል። የበዓሉ ዕለት ገዱና ጓደኞቹ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡና ገዱ ሃያ ሊትሮቹን አይቶ፣ «አባባ፣ ለእትዬ ውኃ መቅዳት ጀመሩ እንዴ?» አለ። አጎትሽ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ሁለቱንም በአንዴ ብድግ! ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ገዱ ራሱ ነው ተሸክሞ አልጋ ላይ ያስተኛው። ደግ ልጅ ነው፣ አፉን እንጂ ሆዱን አትፍሪ።

አሁን የሚያሳስበኝ ወገቡ አይደለም። ቀልድ ትቷል። ትናንት «ተራውን ለገዱ ወንድም ልስጠውና ይብቃኝ» አለኝ። ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ትራሱ ሥር ናቸው፤ ለመመለስ አፍሮ ነው።

አመተ ማርያም

ካሰል፣ መጋቢት 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአሻግሬና ለእትዬ አመተ ማርያም፤

ጾሙን በጤና ያስፈጽማችሁ።

አጎቴ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። «ጀሪካን» ብዬ ጻፍኩ እንጂ «ውኃ» አላልኩም፤ ምን ሞሉበት ብዬም አልጠየቅሁም። መምህሬ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ «በሽተኛን የት አገር እንደሚኖር ሳትጠይቂ ልምምድ አትስጪ» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ ደባርቅ ተወልጄ ወንድ ጀሪካን እንደማይዝ ረሳሁ።

ሒሳቡን ይስሙ። አምስት ሊትር ውኃ አምስት ኪሎ ነው፤ አምስት ሊትር አሸዋ ግን ወደ ስምንት ኪሎ ይጠጋል። ያነሷቸው ሁለቱ ሃያ ሊትሮች ስድሳ ኪሎ አልፈዋል! ማኅበሩ የጠየቀው አርባ ነው፣ እሱንም በየተራ። እርስዎ ከፈተናው አልፈው ነው የወደቁት።

ተራዎን ለማንም እንዳይሰጡ። ከዛሬ እስከ መስከረም አምስት ወር ተኩል አለን፤ ያንን እንደ ዳማ እንሂድበት። እግርዎ ላይ መደንዘዝ ወይም መስነፍ ካለ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከሌለ ግን መተኛት ይብቃ፤ ለዳማ ባዶ መመራት ለእርስዎ በየቀኑ መጠነኛ መንገድ ነው። ኮርቻው በርጩማው ነው፤ በሁለት ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት። ከዚያ ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ። ውኃ! በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ይጨምሩ፤ ጠዋት ወገብዎን ይዳብሱ፤ የሞቀ ቦታ ካለ ጭነት የለም። በጾሙ ሽሮና ባቄላ፣ ጎመን፣ የሰሊጥ ወጥ አይጉደልብዎ፤ ከፋሲካ በኋላ ወተት። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጡ። ሌላ ደግሞ፣ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ይለማመዱ። ያልወደቀ ሰው አይሰበርም።

ውኃውን ደግሞ በአደባባይ ይያዙት። የሚስቅ ይሳቅ።

ስጦታዎ

ደባርቅ፣ ሰኔ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአሠልጣኜ ለስጦታ፤

ክረምቱ ሳይገባ ሰላምታዬ ይግባልሽ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፤ ከአሁን በኋላ አክስትሽን ጸሐፊ አድርጌ አልቀጥርም፣ ያልተባለውን ሁሉ ትጽፋለች።

ስላላወራሁሽ ይቅር በዪኝ። ሠላሳ ዓመት በቅሎ ያለማመድኩ ሰው ራሴን እንደ ድንጋይ መቁጠሬ አሳፈረኝ። በቅሎ ብሆን ኖሮ እኔን ለመሰለ ጌታ አልሸጥም ነበር።

የሺዋስ አሸዋውን እየቆጣጠረ ተረከበኝ። እኔም ጀሪካኖቼን አጥቤ ወደ ቦኖ ውኃ ሄድኩ። ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ቆምኩ። አንዷ ዞር ብላ፣ «አባ አሻግሬ፣ አመተ ማርያም ጥላዎት ሄደች እንዴ?» አለች።

«ኧረ አለች» አልኩ፤ «አጥንቴን እያሠራሁ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ እኛ የብረት አጥንት ሊኖረን ነው!» ብላ ስትስቅ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አንዲት አሮጊት ግን አልሳቁም። አነሳሴን አይተው፣ «ጉልበትህን እጠፍ፣ አስጠጋው! ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ጀርመን ድረስ ጽፌ ያገኘሁት ትምህርት ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ኖሯል። ቅር እንዳይልሽ፣ አንቺ የተሻለ ትጽፊያለሽ።

አሁን በየእጄ ስድስት ሊትር ደርሻለሁ። ወገቤ አይሞቅም። ወተት እጠጣለሁ፤ ጥጃው በእኔ ቂም ይዟል። በአንድ እግር መቆሙንም ቀጥያለሁ። ትናንት እንደ ሽመላ ቆሜ ገዱ በአጥሩ አሻግሮ አየኝና፣ «አባባ፣ አንዱን እግር አስይዘው ጠጡበት እንዴ?» አለ። ሳልወድቅ ሳቅሁ። ይህንን እንደ እድገት ቁጠሪልኝ።

ሃያው ኪሎ ይደረሳል ትያለሽ?

አጎትሽ

ካሰል፣ ሐምሌ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

አጎቴ፤

የቦኖዋን አሮጊት ሰላም ይበሉልኝ፤ ዲፕሎማዬን ስቀበል ግማሹ የእሳቸው ነው።

ይደረሳል። ነሐሴ ላይ ከጀሪካን ወደ ጆንያ ይዙሩ፤ መጀመሪያ ዐሥር ኪሎ እህል። ጭን ላይ ያሳርፉት፣ ወደ ደረትዎ ያቅፉት፣ ከዚያ በእግርዎ ይነሱ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ፤ በፈተናው ዕለት የሚወድቅ ጭነት ለመቅለብ እንዳይወረወሩ። ወገብም አንጓም የሚበጠሰው በዚያች ቅጽበት ነው። ተራው ቢቀር ይቅር፣ እርስዎ አይቅሩብኝ።

ስጦታ

ደባርቅ፣ መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለስጦታ፤ ዘመኑ የደስታ ይሁንልሽ።

ትናንት ነበር። ሜዳው ላይ የጫኝ ዘር ሁሉ ወጥቷል፤ ገዱ ከፊት፣ አክስትሽ ከአጥሩ ጥግ ነጠላዋን ነክሳ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ክንዴ ጆንያዎቹን በሚዛን መዝኖ፣ «አሻግሬ ከነበቅሎው!» ብሎ ጠራ።

የመጀመሪያውን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ፣ አቀፍኩ፣ ተነሣሁ። ዳማ ጀርባ ላይ ወጣ! በመጫኛ ጠፍሬ፣ ወደ አንድ ጎን እንዳይጎትታት ከሥሩ ባላ እንጨት አስደገፍኩለትና ወደ ሌላው ጎን ዞርኩ። ሁለተኛውን ደረቴ ላይ ሳደርስ ዳማ ዝንብ ነክሷት ፈንጠር አለች። ባላው ወደቀ፣ ኮርቻው ተንጋደደ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ወደ መሬት መንሸራተት ጀመረ። በእጄ ያለውን ጥዬ ብወረወር እደርስበት ነበር። እጄ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩና፣ የያዝኩትን ቀስ ብዬ አስቀምጬ፣ ያ ጆንያ ዷ! ብሎ ሲወድቅ ቆሜ አየሁት።

ሊቀመንበሩ ክንዴ ብዕሩን አንሥቶ፣ «ወደቀ እንግዲህ…» ሲል ማን ጮኸ መሰለሽ? ገዱ!

«ደንቡ ብቻውን ይጫን ነው የሚለው! ስንቴ ይላል? እኔ ስንቴ ጥያለሁ፣ ማን ሰረዘኝ?»

ጫኞቹ ተንጫጩ፤ ለካ ሁሉም ጥሏል። ክንዴ ደንቡን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «እንግዲያው ይጫን» አለ።

ኮርቻውን አስተካከልኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ አልቸኮልኩም። አንዱ ወጣ። ባላው ቆመ። ሁለተኛው ወጣ። ጠፈርኩና ዳማን ሜዳውን አንድ ዙር አዞርኳት። ሊቀመንበሩ ስሜን ጻፈ። አክስትሽ ነጠላዋን ለቅቃ እልል አለች፤ የቦኖዎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ገዱ መጥቶ አቀፈኝና በጆሮዬ፣ «አባባ፣ ያን ጆንያ ሲለቁት እኔ ነኝ የደነገጥኩት። እኔ ብሆን እዘልለት ነበር» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት፤ «ለዚህ ነው ወገብህን የሚያሽልህ ሰው ጀርመን ያስቀመጥኩት።»

ቃሌን ጠብቄያለሁ ልጄ። አጥንትሽ የጸና፣ መንገድሽ የቀና ይሁን።

አጎትሽ አሻግሬ

ይህን ሳላሽግ የዘመኑ የመጀመሪያ ሥራዬ መጣልኝ። ሁለት ፈረንጆች ወደ ጨነቅ ይወጣሉ። የአንደኛው ሻንጣ አርባ ኪሎ ይሆናል፤ አፍጥጦ እስካነሳለት ይጠብቃል። «ክፈተውና ለሁለት እንክፈለው» አልኩት። ከፈተ። ልብሱን ለግራና ለቀኝ እኩል አደረግነው፣ ጫማውንም፣ መጽሐፉንም። ከታች ሦስት ጠርሙስ ወይን ወጣ። ሦስት ደግሞ ለሁለት ጎን አይካፈልም፤ ጭነት ማመዛዘን የጫኝ ኃላፊነት መሆኑን በምልክት አስረዳሁት። ፈረንጁ አስተዋይ ሰው ነው፣ ገባው፤ ሦስተኛዋ እኔ ዘንድ ቀረች። አሁን ጭነቱ ልክ ነው።